ባትሪው ሲያልቅ ልጄም ዝም ይላል፤ ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ወላጆች ኑ እንምከር

የበርበሬ ወንዟ | ኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፣ እባካችሁ ታገሱኝ።

ልጄ አሁን ሦስት ዓመት ከአራት ወሩ ነው። ሁለቱም ጆሮዎቹ የሚሰሙት በጣም ትንሽ ነው። እኛ ያወቅነው ዓመት ከስምንት ወር ሲሞላው ነው። ከዚያ በፊት ሰው ሁሉ «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው፣ አብሽሪ» ይለኝ ነበር። እኔም አምኜ ቁጭ አልኩ። የጠረጠረችው እናቴ ነች። አንድ ቀን ቡና ልታፈላ ስትሰናዳ ረከቦቱ ከነሲኒው ከእጇ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ተከሰከሰ። ሁላችንም ደንግጠን ጮህን። እሱ ጀርባውን ሰጥቶን መኪናውን መግፋቱን ቀጠለ። እናቴ ስብርባሪውን እንኳ ሳታነሳ «ይሄ ልጅ አይሰማም» አለች።

አዲስ አበባ ወስደን አስመረመርነው። ለሁለቱም ጆሮ መስሚያ ተገጠመለት። መሣሪያው የተከፈተለት ቀን ከኋላው ሆኜ ስሙን ስጠራው መጫወቻውን ጣለና ድምፁ ከየት እንደመጣ መፈለግ ጀመረ። ያንን ቀን አልረሳውም።

ያኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። መሣሪያ ተገኘ፣ ልጁ ሰማ፣ በቃ ያወራል ብዬ። ቤት ስንመለስ ግን እንዴት እንደማናግረው የነገረኝ ሰው አልነበረም። ባትሪዋ ሽምብራ የምታክል ነገር ነች፣ በአሥር ቀን ገደማ ታልቃለች። የሱ መሣሪያ የሚወስደውን የባትሪ ቁጥር ኮምቦልቻ ፈልጌ አጣሁ፣ ደሴ ወጥቼም አጣሁ። ከአዲስ አበባ በሰው ነው የማስመጣው። አንድ ጊዜ የላከልኝ ሰው ዘገየና ልጄ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያለ ድምፅ ተቀመጠ። «ውሃ» ማለት ጀምሮ ነበር። ተወው። እንደገና እስኪለው ወር ፈጀብን።

አሁን ምርመራ ተራ ስንጠብቅ የተዋወቅን አራት ቤተሰቦች አለን። ያሰብነው እንዲህ ነው። ደሴ ላይ ትንሽ ሱቅ ቢጤ እንክፈት። ባትሪ፣ ከመስሚያው ወደ ጆሮ ድምፅ የሚያስገባ ቱቦ፣ መሣሪያውን ከእርጥበት የሚያደርቅ ማድረቂያ ሣጥን እናምጣና በተመጣጣኝ ትርፍ እንሽጥ፤ መስሚያ የሚያደርጉ አዛውንቶችም ብዙ ናቸው፣ እነሱም ይገዛሉ። በትርፉ አንድ ክፍል ተከራይተን በሳምንት አንድ ቀን ወላጆች ልጆቻቸውን እንዴት እንደሚያናግሩ ይማሩ፤ መክፈል የማይችል በነፃ ይግባ። ለምነን እስከ መቼ? ለጋሽ ይመጣል ይሄዳል፣ ባትሪው ግን በየአሥር ቀኑ ያልቃል።

ይሄ ያዋጣል? ፈቃዱስ እንዴት ነው? ሌላም ውስጤን የሚበላኝ ጥያቄ አለ። በንግግር ላይ ብቻ ስናተኩር የምልክት ቋንቋ ነፍገን ልጆቻችንን እየበደልን ይሆን?


ሰኞ ገበያ | ደሴ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ። እውነቱን ልንገርሽና፣ «ትርፍ» የሚለውን ቃል ሳነብ ደስ አላለኝም። በልጅ ጆሮ ይነገዳል እንዴ?

ግን ቆይቼ የእህቴ ልጅ ትዝ አለችኝ። በዘመቻ መልክ የመጡ ሰዎች መስሚያ በነፃ ሰጧት። ፎቶ ተነሣን፣ አጨበጨብን። ከጥቂት ወር በኋላ መሣሪያው ጆሮዋ ላይ ማፏጨት ጀመረ፣ ልጅቷም እያወለቀች ትጥለዋለች። የሰጡን ሰዎች የሉም። የምንደውልበት ቁጥር አልተሰጠንም። እስካሁን ከእህቴ የወርቅ ጉትቻ ጋር ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፣ ልጅቷም አምስት ዓመት ሞላት። ሱቅ ቢኖር ኖሮ ቢያንስ በሩን አንኳኩቼ «ይሄ ለምን ያፏጫል» እል ነበር። እና ቅር ቢለኝም ሐሳብሽን አልቃወምም።


ነርስ ነኝ | ደሴ

@ሰኞ ገበያ፣ ያ ማፏጨት ምን እንደሆነ ልንገርህ። ጆሮዋ ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ በልኳ የተሠራ ነበር፣ ጆሮዋ ግን አደገ። ፕላስቲኩ ሲያንሳት ድምፁ በክፍተቱ እየወጣ ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ይገባል፣ እሱ ነው የሚያፏጨው። ትንሽ ልጅ በየጥቂት ወሩ አዲስ ያስፈልገዋል። መሣሪያው ራሱ ደህና ሊሆን ይችላል፣ አውጡትና አሳዩት። አምስት ዓመት ገና ነው፣ ግን አትዘግዩ።

የበርበሬ ወንዟ፣ አንቺ የምትይው ነገር በየቀኑ የማየው ነው። ለዚህ ሥራ የሚታወቅ መለኪያ አለ፤ ልጁ አንድ ወር ሳይሞላው መስማቱ ይፈተሽ፣ በሦስት ወሩ ምርመራው ይለቅ፣ በስድስት ወሩ እርዳታ ይጀመር ይላል። እኛ ጋ በብዛት የሚመጡት ሁለትና ሦስት ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። ምክንያቱም አዲስ የተወለደ ሕፃን ሁሉ ጆሮው አይፈተሽም። አእምሮ ደግሞ ድምፅ ለመልመድ ክፍት የሚሆነው በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ ነው። ድምፅ ካላገኘ ያንን ቦታ ለሌላ ሥራ ይሰጠዋል። ሁለት ሳምንት ያለ ባትሪ መቀመጥ ስለዚህ ነው የሚያሳዝነኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ መስማታቸው በጣም የተጎዳ 34 ሚሊዮን ሕፃናት አሉ ይላል። በሕፃናት ላይ ከሚደርሰው ጉዳት 60 በመቶ ያህሉ መከላከል የሚቻል ነበር። እኛ የምናውቃቸው ናቸው። ማጅራት ገትር፣ ኩፍኝ፣ የከፋ የጨቅላ ብጫ በሽታ፣ ሲመግል የከረመ ጆሮ፣ ጄንታማይሲንን የመሰሉ መርፌዎች ያለ ክትትል ሲሰጡ። እባካችሁ ጆሮ ሲመግል የጤና አዳም ጭማቂም ሆነ የሞቀ ዘይት አታንጠባጥቡ፣ አምጡት። ማጅራት ገትር የያዘው ልጅ ደግሞ ከአልጋ በተነሣ ማግሥት ጆሮው ይመርመር። በሽታው የውስጥ ጆሮን ወደ አጥንት ሊለውጠው ይችላል፣ ከዚያ በኋላ በቀዶ ሕክምና የሚገባው መሣሪያም ቦታ ያጣል።

ስለ ሱቁ ሁለት ነገር። እነዚያ ባትሪዎች ሕፃን ከዋጣቸው እጅግ አደገኛ ናቸው። ክዳኑ የሚቆለፍ መሣሪያ ይኑር፣ ያለቀውን ባትሪ ሱቁ መልሶ ይሰብስብ። ሁለተኛው እርጥበት ነው። ጸበል ስታስጠምቁትም ሆነ ውዱእ ስታስደርጉት መጀመሪያ አውልቁለት። ጸሎቱም ዱዓውም ይቀጥል፣ መሣሪያው ብቻ ይድረቅ።


የበርበሬ ወንዟ | ኮምቦልቻ

እህቴ ዕድሜ ይስጥሽ። ክዳኑ እንደሚቆለፍ እንኳ አላውቅም ነበር። አሁን አየሁት፣ ትንሽዬ ቁልፍ አለችው።


ከአይጠየፍ ማዶ | ደሴ

የእኔን ልጅ መስማቱን ማጅራት ገትር ነው የወሰደበት፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው። ዘመድ አዝማድ ተረባርቦ ውጭ ሀገር ኮክሌር ኢምፕላንት ተደረገለት። ለማያውቅ ሰው፣ ይሄ መሣሪያ ድምፅ አያጎላም፤ አንዱ ክፍል በቀዶ ሕክምና ውስጥ ይገባል፣ ሌላው ውጭ ጆሮ ላይ ይሰቀላል፣ ድምፁን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ በቀጥታ የመስማት ነርቩን ይነካል። ሐኪሙ ያኔ የነገረኝን አልረሳም። «ቀዶው የሥራው መጀመሪያ ነው፣ ዋናው ሥራ እናንተ ቤት ነው ያለው» አለኝ።

በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ልጁን አዝዬ በእግር ነው የወጣሁት። የውጪውን ክፍል ኪሴ ውስጥ በፌስታል ጠቅልዬ ያዝኩት። ቻርጀሩ ቤት ቀረ። በደረስንበት መብራት ቢኖርም ቻርጀር የለም። ልጄ አራት ዓመቱ ነበር፣ ያንን ሁሉ ሕዝብ፣ ያንን ሁሉ መኪናና ለቅሶ በዝምታ ነው ያለፈው። እጄን ሲለቅ ልጠራው አልችልም ነበር። ስንመለስ ቤቱ ባዶ ነበር፣ ቻርጀሩም የለም። ሌላ እስኪላክልን ስንት ወር እንደፈጀ ባልናገር ይሻለኛል።

እና እህቴ፣ ሱቁ የባትሪ ብቻ አይሁን። የሚዋስ ትርፍ ዕቃም ይኑረው። ገመድ፣ ቻርጀር፣ የአንዱ ሲሰበር ሌላው እስኪመጣ የሚያደርገው አሮጌ መሣሪያ። ለዚህ ወርሃዊ መዋጮ እከፍላለሁ፣ ቁጠሩኝ።


ፊደል አስቆጣሪ | አዲስ አበባ፣ የደሴ ልጅ

የንግግር ሥልጠና ላይ ነው የምሠራው። ሆጤ ሜዳ ላይ ኳስ እየተጫወትኩ ነው ያደግኩት፣ ስለዚህ ይሄ ጉዳይ የቤቴ ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ዛሬውኑ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር ልስጥሽ፣ ብር አያስወጣም። ስድስቱ ድምፆች ይባላል፣ ዳንኤል ሊንግ የሚባል ባለሙያ ነው ያወጣው። ም፣ ኡ፣ ኢ፣ አ፣ ሽ፣ ስ። ከወፍራሙ ድምፅ እስከ ቀጭኑ ንግግር ውስጥ ያለውን ሁሉ ይሸፍናሉ። ልጁ ጣሳና ባቄላ ይያዝ። አንቺ ከጎኑ ወይም ከኋላው ሆነሽ፣ አፍሽን ሳያይ፣ አንድ ድምፅ በይ። ሲሰማ አንዲት ባቄላ ጣሳው ውስጥ ይጣል። በመካከል ዝም እያልሽ ቆይ፣ በልማድ እንዳይጥል። ጠዋት ጠዋት፣ መሣሪያው እንደበራ። ትናንት የሰማውን ዛሬ ካልሰማ መሣሪያው ላይ ወይም ጆሮው ላይ አንድ ነገር አለ ማለት ነው፣ ሱቁም የሚጠቅመው ያኔ ነው።

ሽ እና ስ ለእኛ ቋንቋ በጣም ያስፈልጋሉ። አስቢው፣ «ቤትህ» እና «ቤትሽ»፣ «መጣህ» እና «መጣሽ»። ሴትን ከወንድ የምንለየው በመጨረሻዋ ቀጭን ድምፅ ነው። ልጁ ሽን ካልሰማ እናቱን እንደ ወንድ ያናግራታል፣ ሰው ደግሞ ይስቅበታል ወይም አልገባውም ይላል። ጉዳዩ የመስማት ነው። መጥበቅና መላላቱም አለ። «አለ» ስንል «ተናገረ» ለማለት ይላላል፣ «ይገኛል» ለማለት ይጠብቃል። ፊደሉ አንድ ነው፣ የሚለየው ጆሮ ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ማሠልጠኛ ይሄን አያስተምርሽም። ወላጆች ተሰብስበው በአማርኛ መልመጃ ቢያዘጋጁ እኔ ያለ ክፍያ አርማለሁ፣ ቃል ነው።

የቀረው ዘዴ ቤትሽ ውስጥ ያለ ነው። ቴሌቪዥኑን አጥፊ። ከሩቅ አትጥሪው፣ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ጆሮው አጠገብ ሆነሽ በደህና ድምፅ አናግሪው፣ መጮህ ቃሉን ያበላሻል። ድምፁን መጀመሪያ ይስማ፣ ዕቃውን ኋላ ይይ። ቡና ስትቆዪ «ስሚ፣ ቡናው ተንጣጣ» ብለሽ ለእናትሽ ንገሪያት፣ እሱ ይስማ፣ ከዚያ ምጣዱን አሳዪው። ስታጥቢው ታወሪያለሽ፣ ስታለብሺው ታወሪያለሽ። ጠይቀሽው ዝም ካለ ጠብቂው፣ ለአሥር ሰከንድ ያህል አፍሽን ያዢ። እናቶች የሚከብዳቸው እዚህ ላይ ነው።

ዕድሜውንም ከሌላ ልጅ ጋር አታወዳድሪው። መሣሪያ ያደረገው ከዓመት ተኩል በፊት ከሆነ በመስማት ገና የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ ነው።

ወላጅን ማሠልጠን እንደሚሠራ ደግሞ የቆየ ምስክር አለ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሉዊዝ ትሬሲ የምትባል እናት መስማት ለተሳነው ልጇ ብላ የጀመረችው፣ እ.ኤ.አ. በ1942 ክሊኒክ ሆነ። ለወላጆች ትምህርቱን በፖስታ በነፃ ይልኩ ነበር። የእናት ሐሳብ ነው የጀመረው፣ ልክ እንደ አንቺ።


እጄ ይናገራል | ደሴ

መስማት የተሳነኝ ነኝ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዬ ነው፣ ብሳሳት ይቅር በሉኝ። የጠየቅሽውን የመጨረሻ ጥያቄ ሁሉም ዘለለው፣ እኔ ልመልስልሽ።

ልጅሽ እንዲሰማና እንዲናገር መፈለግሽ በደል አይደለም። በደሉ ሌላ ነው። ልጁ ቋንቋ ሳይኖረው ስትጠብቂ ነው። ባትሪው ባለቀበት ሁለት ሳምንት ልጅሽ ውሃ ሲጠማው በምን ነገረሽ? «ውሃ» የሚለውን ምልክት ቢያውቅ ኖሮ አይቋረጥበትም ነበር። የአይጠየፍ ማዶው ወንድሜም በዚያ መንገድ ላይ ለልጁ «እጄን ያዝ፣ አትፍራ» ሊለው ይችል ነበር። ይሄን የምለው ልወቅስህ አይደለም ወንድሜ፣ ማንም አላስተማረህም።

እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ምልክት ስንጠቀም እጃችሁን አስቀምጡ ይሉን ነበር። አፍ እያየሁ የገባኝ ጥቂቱ ነው፣ የቀረውን ዓመታት ቁጭ ብዬ አሳለፍኩ። ይሄ የኛ ሀገር ብቻ ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1880 ሚላን ላይ የተሰበሰቡ አስተማሪዎች የምልክት ቋንቋ ከክፍል ይውጣ ብለው ወሰኑ፣ ያ ውሳኔ ብዙ ትውልድ ጎዳ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቫንኩቨር ላይ ያው ጉባኤ ተሰብስቦ ውሳኔውን ውድቅ አድርጎ መጸጸቱን ገለጸ። 130 ዓመት ፈጀ። እናንተ ደሴ ላይ ያንን ስህተት ከመጀመሪያው አትድገሙት።

የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው። ከ2000 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ያስተምራል። ፊደላችንን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በጣት መጻፍ እንችላለን፣ የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ይሰጣል፣ እንቅስቃሴው አናባቢውን። ክፍሉን ከከፈታችሁ በሳምንት አንድ ሰዓት ለእኔ ስጡኝ። ወላጆችን አስተምራለሁ። ክፍያ ካላችሁ ክፈሉኝ፣ ሥራ ነውና። እኛን ያልቀጠረ ለእኛ የቆመ ድርጅት ብዙ አይቻለሁ።


ሂሳብ ሠራተኛው | ኮምቦልቻ

ከላይ ያለው ወንድማችን ልክ ነው፣ ደመወዝ ይያዝለት። ቦትስዋና ውስጥ ኦትሴ በምትባል መንደር የተጀመረ ሶላር ኢር የሚባል ሥራ አለ። የመስሚያ ባትሪ በፀሐይ የሚሞላ ቻርጀር ይሠራሉ፣ የሚገጣጥሙት ራሳቸው መስማት የተሳናቸው ሠራተኞች ናቸው። በዚያ መንገድ ባትሪ መግዛቱም ይቀንሳል፣ ሰውም እንጀራ ያገኛል። ወሎ ፀሐይ አያጣም፣ ይሄን ዓይነቱን ነገር ማስመጣት ይቻል እንደሆነ አጥኑ።

አሁን ቁጥሩን ልንገራችሁ። ሁለት ጆሮ በየአሥር ቀኑ ማለት በወር 6፣ በዓመት 72 ባትሪ ለአንድ ልጅ። 20 ልጅ ቢኖር 1,440። በዚህ ብቻ የቤት ኪራይ አይወጣም። አዛውንቶቹን ያሰብሽው ለዚህ ነው ጥሩ። ዚንክ የሚባለው የመስሚያ ባትሪ ከጀርባው ያለችው ተለጣፊ እስካልተነሣች ድረስ ይቆያል፣ ከተነሣች ግን ባትጠቀሚበትም ይሞታል። ሻጩ ለደንበኛ ሲያሳይ እንዳይልጠው።

ፈቃድ በሁለት መንገድ ነው። ወይ እንደ ማንኛውም ነጋዴ ታወጣላችሁ። ወይ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ትሆናላችሁ፤ አዋጁ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ መሥራት ይፈቅዳል፣ ትርፉን ግን አባላት አይከፋፈሉትም። አንቺ የምትፈልጊው ከሁለተኛው ጋር ይገጥማል። መስሚያ መሣሪያውን ራሱን ለመሸጥ ግን አትቸኩሉ፣ የሕክምና መሣሪያ ስለሆነ የራሱ ቁጥጥር አለው፣ ባለሙያ ሳይለካ የተሸጠ መሣሪያም ጆሮ ይጎዳል። በባትሪና በዕቃው ጀምሩ። መዝገቡን እኔ እይዝላችኋለሁ።


ከሐይቅ | ሐይቅ

የእኔ ልጅ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ምንም መሣሪያ አድርጋ አታውቅም። ሁሉንም አነበብኩት። እሷ አለፈባት ማለት ነው?


እጄ ይናገራል | ደሴ

አላለፈባትም እህቴ። መጀመሪያ ጆሮዋ ይመርመር፣ ምን ያህል እንደሚተርፍላት ይታወቅ። ምልክት ግን ነገ መጀመር ትችላለች፣ ለምልክት ሰባት ዓመት ልጅነት ነው። ይዘሻት ነይ፣ እኔም ከልጆቼ ጋር አስተዋውቃታለሁ። እነሱ ይሰማሉ፣ ግን ከእኔ የበለጠ በእጅ ያወራሉ።


የበርበሬ ወንዟ | ኮምቦልቻ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ።

ጣሳና ባቄላውን ጀመርን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጨዋታ መስሎት ሁሉንም አንዴ ይደፋው ነበር። ከሳምንት በኋላ ገባው። ም ላይ ጣለ፣ ኡ ላይ ጣለ፣ ኢ እና አ ላይ ጣለ። ሽ ስል ዝም፣ ስ ስል ዝም። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ጠዋት ም ላይም ዝም አለ። ልቤ ቀጥ አለ። ከዚያ የነርሷ ምክር ትዝ አለኝና ቱቦውን ወደ ብርሃን አንስቼ አየሁት። ትንንሽ የውሃ ጠብታ ውስጡ አለ። በዋዜማው ደሴ ወስጄው ነበር፣ ብርዱና ጭጋጉ ነው። ነቅዬ አራግፌ ማድረቂያው ውስጥ አሳደርኩት። በነጋታው ም ላይ ባቄላው ጣሳው ውስጥ ጮኸ። ይሄን ሳላውቅ ስንት ቀን በተደፈነ ቱቦ አውዬው ይሆን።

ሽ እና ስ አሁንም የሉም። ስለዚህ መሣሪያው እንዲስተካከልለት ለምርመራ ቀጠሮ ይዘናል፣ ወረቀቴ ላይ የየቀኑን ጽፌ ነው የምሄደው። ውሃ፣ ና እና እንቢ የሚሉ ምልክቶችን ተምረናል። እንቢን በጣም ወዶታል። ምልክቱን ስሠራ ቃሉንም እላለሁ፣ እሱም ትናንት በእጁ «ውሃ» ሲል አፉም አብሮ ተንቀሳቀሰ፣ «ው» የሚል ወጣው።

አራት የነበርነው ሰባት ቤተሰብ ሆነናል። የሰኞ ገበያው ወንድማችንም እህቱንና ልጅቷን ይዞ እመጣለሁ ብሏል። ቤት ገና አልተከራየንም። የፊታችን ቅዳሜ ከአራት ሰዓት ጀምሮ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ከእኛ መካከል አንዷ ቤት እንገናኛለን፣ አድራሻውን በውስጥ መስመር እልካለሁ። መጀመሪያ ምልክት፣ ከዚያ ስድስቱ ድምፆች፣ ከዚያ ስለ ባትሪው ግዢ እናወራለን። ጣሳ ይዛችሁ ኑ፣ ባቄላው ከእኔ ነው።